ከፋሲካ በኋላ የገዛነው አጥቂ

ካርቱም ውስጥ እኛ ተጫዋች የምንገዛው በገንዘብ አልነበረም። ገንዘብ ከየት መጥቶ! የአበሻ ቡድኖች ማለት አርብ አርብ ከዐስር በኋላ አቧራ ሜዳ ላይ የሚጋጠሙ የቤት ጠባቂዎች፣ ቀለም ቀቢዎች፣ ሾፌሮችና አስተናጋጆች ነበሩ። ስለዚህ ተጫዋች የሚገዛው በሥራ ነው። «እኛ ሰፈር ና፣ ጥበቃ እናስገባሃለን፣ መኝታ ክፍልም አለው» ይባላል። ልጁ ከተስማማ ፍራሹን ጠቅልሎ ይመጣል። ቡድኑ አልፈልግህም ያለው ቀን ደግሞ ቦታውን ለሚተካው ለቆ ይሄዳል፤ ሥራው የቡድኑ ነው እንጂ የእሱ አይደለምና። ይህ ደንብ የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

እኛ የአርካዊት ሰፈር ቡድን ነበርን፣ ኮሚቴያችንም ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ልብስ ሰፊ ነው። አጠገባችን ያለው የጣኢፍ ሰፈር እመቤቶች መጋረጃ የሚያሰፉት እሱ ጋ ስለሆነ ጠባቂ ሲፈልጉም የሚጠይቁት እሱን ነው፤ የቡድናችን አቅም ይኸው ነበር። አሠልጣኙ ፀጉር አስተካካይ ነው። አገር ቤት ሳለ ትልቅ ክለብ ውስጥ እንደተጫወተ ያወራል፤ ሲያወራ እንጂ ሲጫወት ያየው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አምጃድ የሚሏትን ትንሽዬ ታክሲ ስለምነዳ ቡድኑን አጭቄ የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ ከዳኛ ጋር የምጣላውም እኔው ነኝ። ለሁለተኛው ሥራ የመረጠኝ ባይኖርም ማንም አልተሻማኝም።

ልጁን ያየነው ከፋሲካ በኋላ በተደረገ ውድድር ላይ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ጡብ ከሚያቃጥሉ ልጆች ጋር ነበር የመጣው። ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ዝምተኛ። ኳስ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ተከላካዮቻችን ከኋላው እየሮጡ አቧራውን ብቻ ቃሙ። በዚያ ሙቀት እኛ ቆመን እያለከለክን እሱ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ሮጠ። አሠልጣኙ ክንዴን ጨብጦ «ይሄን ልጅ ካላመጣን መቀሴን እሰቅላለሁ» አለ።

ጨዋታው ሲያልቅ አምጃዷ ጥላ ሥር አስቀምጠን አነጋገርነው፤ ጣኢፍ ጥበቃ እናስገባሃለን አልነው። ስለ ሥራው ምንም አልጠየቀም። የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጣኢፍ ከማንሺያ ይርቃል?»

«በእግር ይደረሳል» አለው ሊቀመንበሩ። «ማንሺያ ማን አለህ?»

«እህቴ። ሰው ቤት ትሠራለች። ገና ልጅ ናት። እናቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ እሷን ነው፣ እኔ ግን ይኸው ከከተማ ውጭ ጡብ ሳቃጥል በወር አንዴ እንኳ አላገኛትም» አለ። ከዚያ አሰብ አደረገና «በእግር የሚደረስ ከሆነ እመጣለሁ» አለን።

እንዲህ አድርገን ገዛነው። ጣኢፍ አንዲት አሮጊት ሐጃ ቤት ገፊር አስገባነው፤ እዚያ ጠባቂን ገፊር ነው የሚሉት። ሐጃዋ ገና በሳምንቱ ወደደችው።

የአርብ ውድድራችን የተጀመረው መስከረም ካለቀ በኋላ ነው። የካርቱም ጥቅምት ደግሞ የአገር ቤቱ ጥቅምት አይደለም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለመጀመሪያው ጨዋታ ልጁን ከፊት አሰለፍነውና ጎል እስኪያገባ መጠበቅ ጀመርን። ብዙም ሳይቆይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ኳስ ይላክለታል፣ አይደርስበትም። ይደርስበታል፣ ይወድቃል። ከዳር የቆሙት ተመልካቾች «ገፊሩ ተኝቷል! ቀስቅሱት!» እያሉ ይስቁበታል። በሚቀጥለው አርብም ያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ባሰበት።

ያበሳጨን ነገር ማክሰኞ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ያ ከፋሲካ በኋላ ያየነው ልጅ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ማክሰኞ የሚይዘው የለም። አርብ ሲመጣ ግን እግሩ ይታሰራል። አሠልጣኙ በሽታውን ያወቀው መሰለውና «የልምምድ ጀግና ነው። ሰው ሲያይ ይፈራል» አለ። እኔ እንኳ ፍርሃት አይመስለኝም ነበር፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቅኩም።

ልጆቹም አልወደዱትም። አርብ ጠዋት ቡድኑ ሊቀመንበሩ ሱቅ ተሰብስቦ አንድ ትልቅ ሳህን ፉል ከቦ ይበላል። እሱ ከመጣም ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

«ና ብላ እንጂ» ይሉታል።

«ኋላ እበላለሁ።»

«ፉላችንን ናቅከው?»

«ኧረ በእመቤታችን! ኋላ እበላለሁ አልኩ እኮ።»

ሜዳ ላይም የውሃው ጀሪካን ሲዞር ተቀብሎ አጠገቡ ላለው ያሻግራል። አብሮ የማይበላ ሰው በኛ ዘንድ ምን እንደሚባል የታወቀ ነው፤ ኩሩ ተባለ። አንድ ቀን ለብቻው አምጃዷ ውስጥ አስቀምጬ «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አልኩት።

«ደህና ነኝ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የማትሮጠው?»

አቀረቀረና «ኢንሻአላህ፣ የሚመጣው ጁምዓ» አለኝ።

ኅዳር ላይ በረኛችን ወደ ግብፅ ሄደብን። ይህን የሰማው የኦምዱርማን ቡድን መልእክት ላከ፦ በረኛ እንስጣችሁ፣ እናንተ ያን የማይሮጠውን አጥቂ ስጡን። ኮሚቴው በስፌት መኪኖቹ መካከል ተቀመጠ።

«እንሽጠው» አለ አሠልጣኙ ገና ወሬው ሳይጀመር። «ማክሰኞ አንበሳ፣ አርብ ሬሳ። እኔ ሬሳ ማሠልጠን አልችልም።»

«ጊዜ እንስጠው» አልኩ እኔ። «አዲስ ነው። ክንፍ ላይ ወስደን እንሞክረው። ደግሞም ጣኢፍ የመጣው ለኛ ብሎ አይደለም፣ ለእህቱ ነው። አደራ አለበት።»

«ኦምዱርማን አሜሪካ ነው? ኮብሪውን፣ አንዲት ድልድይ ተሻግሮ መምጣት አይደል?»

«ጠባቂ ለልምምድ ካልሆነ ከአርብ በቀር መቼ ይወጣል? አርብ ደግሞ ጨዋታ አለ። ጨዋታው አልቆ፣ ባስ ጠብቆ፣ ባስ ቀይሮ ማንሺያ እስኪደርስ የሰው ቤት በር ይዘጋል!»

«እኛ ቡድን ነው ያለን ወይስ የቤተ ዘመድ ማኅበር?» አለ አሠልጣኙ።

እኔም ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ልጁ እግር፣ ስለ ልጁ ፍርሃት፣ ስለ ልጁ ኩራት ተከራከርን። ሊቀመንበሩ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ሲሰማን ቆየና «ያለ በረኛ መጫወት አይቻልም። ኻላስ፣ በቃ» አለ። ሁለት ለአንድ ተረታሁ።

ወደ ኦምዱርማን ያደረስኩት እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን መኪና አለው? ፍራሹን ከላይ አሰርንለት። ሐጃዋ በር ላይ ቆማ «መዓሊሽ ያ ወለዲ»፣ አይዞህ ልጄ እያለች ታባብለዋለች፣ እሱ አንገቱን ደፍቷል። መንገድ ስንጀምር «ጋሼ፣ ከቻልክ በማንሺያ በኩል» አለኝ። መንገዴ ባይሆንም ዞርኩ።

እህቱ በሩ ላይ ወጣች። እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ነበር። እሱ ቆሞ ሲነግራት ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ወዲያው ደግሞ እሱ እንዳያዝን ብላ ይመስለኛል መልሳ ሳቀች።

«ታዲያ የአርቡን እንዴት ልናደርግ ነው?» አለችው።

«እመጣለሁ። ትንሽ ቢመሽም እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ።»

«እጠብቅሃለሁ።»

የምትለው ስለ ጥየቃ መስሎኝ ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ ነበር የጠበቅኩት።

አዲሱ በረኛ ደህና ልጅ ነው። ፉል አብሮን ይበላል፣ ቀልድ ያውቃል፣ ኳስም አልፎ አልፎ ይይዛል። ልጁ ኦምዱርማን ውስጥ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደሚውል ስንሰማ አሠልጣኙ «አላልኩም?» አለ። ክረምት ከበጋ በማይለይባት ካርቱም ዓመቱ ዞሮ ፋሲካ መጣ፣ ሁለተኛው አርብ ላይ ደግሞ ዕጣችን ከኦምዱርማን ጋር ወጣ። እነሱ ሜዳ ሄድን።

ጨዋታው ሳይጀመር ልጁን ከዳር ቆሞ አየሁት። የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሽቅብ አንጋጦ እየጠጣ ነው። በሌላው እጁ ግማሽ የተበላ ሙዝ ይዟል። ሳየው ደስ አለኝና እንደ ልማዴ ልቀልድበት ሄድኩ።

«አንተ ደግሞ ውሃ መጠጣት መቼ ጀመርክ?» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ከዚያ በነገሩ ግራ እንደተጋባ ሰው አየኝና «በዓለ ሃምሳ አይደል ጋሼ?» አለ።

በዓለ ሃምሳ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብ የማይጾምበት ጊዜ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኛ እኮ ልጁን ያየነው በበዓለ ሃምሳ አርብ ነው! በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እንደ ሰው ሆኖ ሲጫወት አይተን ገዛነው። ከዚያ በጾሙ አርብ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህልም ውሃም በአፉ ሳይዞር፣ በዚያ ፀሐይ ላይ ሩጥ አልነው።

እኛም ራሳችንን ጾመኛ ነበር የምንለው። አርብ ጠዋት ፉሉ ላይ አይብና እንቁላል እንዳይደረግ ፉል ሻጩን እናስጠነቅቃለን፣ አማትበንም እንጀምራለን። ጾም ማለት ለኛ አይቡን መተው ብቻ ሆኖ ከቀረ ቆይቷል። ከመካከላችን አንድ ሰው እስከ ማታ ይቆያል ብሎ ማን ያስባል? እሱም አልተናገረም። እንዲህ ያደገ ሰው ጾሙን አያወራም። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ረመዳን ላይ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ሲያዩ ወዲያው ይገባቸዋል፤ እኛ የገዛ ሃይማኖታችንን ልጅ ኩሩ አልነው፣ ፈሪ አልነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል።

ጨዋታውን በቅጡ አላየሁትም። ልጁ በበረኛችን ላይ ደጋግሞ ሲያገባበት ጩኸቱን ሰማሁ። ዳኛው ምን እንዳጠፋ እንኳ አላውቅም፣ በዚያ ቀን አልተጣላሁትም።

ሲያልቅ አሠልጣኙ ተንደርድሮ ልጁ ላይ ተጠመጠመ። «አንተ ጉደኛ! ያላ፣ ተመለስልን። ለበረኛው ሌላ ቤት አግኝተንለታል፣ የሐጃዋ ቦታ ባዶ ነው። እስከ ዛሬ ስላንተ ነው የምትጠይቀው» አለው። ስለ ጾሙ ገና አልነገርኩትም።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ልጁ ፊቱን በማልያው እየጠረገ። «ግን ጣኢፍ መጥቼ ምን አደርጋለሁ?»

«እህትህ አጠገብ ትሆናለሃ!» አልኩ እኔ።

«ሄደች ጋሼ። በጥር። በሊቢያ በኩል።»

አሠልጣኙ እጁን ከትከሻው ላይ አወረደ። ልጁ ማንንም ሳይወቅስ፣ ነገሩን እንዳለ ነገረን። ጣኢፍ ሳለ አርብ ከጨዋታ በኋላ በእግሩ ማንሺያ ይሄዳል፣ እሷም ሳትቀምስ ቆይታ ከበሩ ጀርባ ባለው ክፍሏ ጾማቸውን አብረው ይፈቱ ነበር። እናታቸው እንዲያ ነው ያሳደገቻቸው። ኦምዱርማን ከገባ በኋላ እሱ ሲደርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ደጋግሞ ሞከረ። ኋላ እሷ «አትልፋ፣ አርብ ከጎረቤት ሠራተኛ ልጆች ጋር እውላለሁ» አለችው። ከልጆቹ መካከል ሰምሳር፣ በሊቢያ የሚያሻግር ደላላ፣ የምታውቅ ነበረች።

«አንድ አርብ እንኳ ባገኛት ፊቷን አይቼ ልትሄድ እንደሆነ አውቅ ነበር» አለ። «ትሪፖሊ ደርሻለሁ ብላ አንዴ ደውላለች። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።»

ይህን ሲል ጓደኞቹ ጠሩት። ፍየል አርደው ነበር። ተሰናብቶን ሄደና ከመካከላቸው ተቀምጦ መብላት ጀመረ። እኛ ጋ በነበረ ጊዜ ሲበላ አንድም ቀን አላየሁትም።

ስንመለስ ከተጫዋቾቻችን አንዱ የሚያድረው ማንሺያ ነበር። ለወትሮው በሩ ድረስ ነበር የማደርሰው። በዚያን ቀን ግን ወደ ውስጥ መግባት አቃተኝና አስፋልቱ ዳር አወረድኩት። አሠልጣኙ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ለምን አልገባህም ብሎ አልጠየቀኝም።