በርጩማዋና የናይለን ክር

ልጅ ሳለሁ ከሰው ሁሉ አብልጬ የቀናሁት በአንዲት በርጩማ ምክንያት ነው። ሦስት እግር ያላት፣ አንደኛው እግሯ በሽቦ የታሰረ፣ ከአባባ ደስታ የስፌት መኪና አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ በርጩማ ነበረች። እሷ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጉልበቱ የአባባን ጉልበት ይነካል፤ ጥብጣብ ሲዘረጉ ጫፉን የሚይዝላቸውም እሱ ነው። መጀመሪያ የእኔ ነበረች። በኋላ የጓደኛዬ የሰናይት ሆነች።

አባባ ደስታ ከጦር ኃይሎች ወደ ኮልፌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሰፉ ሽማግሌ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ሥራቸው ሱሪና ኮት አልነበረም። የመኮንኖችን ኒሻኖች እያንዳንዱን በየጥብጣቡ አጥፈው፣ ጎን ለጎን ስስ ቆርቆሮ ላይ ሰፍተው፣ ሁሉም በአንድ መርፌ ደረት ላይ እንዲንጠለጠሉ ያደርጉ ነበር። ይህንን «ረድፍ» ይሉታል። አብዮቱ ሲመጣ ረድፍ የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። የንጉሡን ኒሻን ደረቱ ላይ ማድረግ ቀርቶ ቤቱ ማስቀመጥም የሚያስፈራ ሆነ፤ የአንዱ መኮንን ሚስት ዱቄት ውስጥ እንደቀበረችው በሹክሹክታ ሲወራ ሰምቻለሁ። አባባም ለቀበሌ ዘበኞች ካኪ፣ ለእኛ ዩኒፎርም ወደ መስፋት ዞሩ። እጃቸው ሥራ ቢቀይርም አፋቸው ግን ከረድፍ ወሬ አልወጣም።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ሲጠፋ የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ዘንድ እንሰበሰባለን፤ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እናቶቻችን እስኪጠሩን ድረስ። አባባ ፋኖሱን ለኩሰው፣ ከከሰል ካውያቸው ውስጥ የቀረውን ፍም አሮጌ ጣሳ ላይ ይገለብጡና ከመሳቢያቸው አንድ ቁራጭ ጥብጣብ ያወጣሉ። ተረታቸው ከዚያ ይጀምራል። አረንጓዴ ከሆነ አንድ ታሪክ፣ ቀይ ከሆነ ሌላ ታሪክ። የክሩ ሽታ፣ የከሰሉ ጭስ፣ በፋኖሱ ብርሃን ግድግዳው ላይ የሚረዝመው የእጃቸው ጥላ ዛሬም ይታየኛል። «ሰው ይዋሻል እንጂ ጥብጣብ አይዋሽም» ይሉ ነበር። እኔ ግራኝ ነኝ፤ እናቴ በግራ እጄ በበላሁ ቁጥር ጣቴን ትመታኝ ነበር። አባባ ግን መርፌ ያስያዙኝ በግራ እጄ ነው። «አንቺ ግራኝ» ሲሉኝ ሌላ ሰው እንደሚለኝ አይደለም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ማታ ሰናይት አንድ ረድፍ ይዛ መጣች።

የሰናይት እናት እትዬ ጽጌ አየር ጤና ጋራዥ ለነበረው ሙሴ ኦቶ ለሚባል ሽማግሌ ጀርመናዊ ለብዙ ዓመት ምግብ ስታበስል የኖረች ሴት ነበረች። ጋራዡ ሲወረስ ሰውየው አገሩ ገባ፤ ሲሄድም በወጣትነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሸለመውን ረድፍ ለእሷ ሰጥቷት ሄደ። እሷ የምትለው ይህንን ነው። ሰፈሩ ግን ሌላ ሌላውን ያወራ ነበር፤ «ሰርቃው ነው» የሚል አለ፣ «መርካቶ የተሠራ ቆርቆሮ ነው» የሚልም አለ። ስለዚህ ሰናይት ረድፉን በነጠላ ጠቅልላ አባባ እግር ሥር ስታስቀምጥ የእናቷን ስም ነበር ያስቀመጠችው። እኔ ያኔ ይኼ አልታየኝም። የታየኝ አባባ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ብቻ ነው፤ ለተራ ነገር መነጽር አያደርጉም ነበር።

«ግራኝ፣ እስቲ ለሰኒ ቦታ ልቀቂላት» አሉኝ።

ለቀቅኩ። ከመደቡ ጫፍ፣ ከበሩ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ከዚያች ማታ ጀምሮ ቦታዬ እሱ ሆነ።

አባባ ረድፉን ከጀርባው ነበር ማየት የጀመሩት። «ፊቱን ሁሉም ሰው ያሳምራል፤ ጀርባውን ነው ማየት» አሉ። የመርፌው ዝገት ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ቡናማ እድፍ ሠርቷል። ከዚያ ገለበጡት። አራት ኒሻኖች ነበሩ፤ ጥቁሩ የብረት መስቀል መጀመሪያ፣ ወደ ደረቱ መሐል በሚውለው በኩል ነው። «አስመሳይ ብዙ ጊዜ ተራውን ይሳሳታል፤ ይሄ አልተሳሳተም።» ኒሻኖቹ የሚንጠለጠሉባቸው ቀለበቶች የነኩት የጥብጣብ ጠርዝ ሳስቷል። መጨረሻ ላይ በመርፌ ጫፍ የጥብጣቡን እጥፋት ቀስ ብለው ከፈቱ። ከላይ የደበዘዘው ቀይ ውስጡ እንደ አዲስ በርበሬ ደማቅ ነበር።

«አያችሁ? አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል በሻይ ይቀቅሉታል። በሻይ የተቀቀለ ግን ውጪውም ውስጡም አንድ ነው። ፀሐይ ናት እጥፋት ውስጥ የማትገባው።»

ከዚያ ከመሳቢያቸው ሁለት ክሮች አውጥተው ፍሙ ላይ ያዙ። የጥጡ ነዶ አመድ ሆነ። የናይለኑ ተኮማትሮ ጥቁር ጠብታ ሠራ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ረድፍ የሚሰፋው በጥጥ ክር ነበር አሉን። የሰናይትን ክር ግን አልነኩትም፤ ለእሱ እሳት አያስፈልግም አሉ።

ከዚያ በኋላ ስንት ማታ ተረቱ ሁሉ የሙሴ ኦቶ ሆነ። አባባ ያንን ጦርነት አላሞገሱም፤ የሰውየው ጌቶች የጣሊያን ወዳጆች፣ ክፉ ሰዎች እንደነበሩ፣ መስቀሉ ላይ ያለውንም ምልክት እሳቸው እንደማያከብሩት ነግረውናል። «እኔ የማነበው የለበሰውን ሰው ነው» ይሉ ነበር። አንደኛው ኒሻን ሩስያ በረዶ ውስጥ ክረምቱን ላሳለፈ የሚሰጥ ነው ሲሉ፣ እኛ የምናውቀው በረዶ የኮልፌን ቆርቆሮ የሚደበድበውን ስለሆነ፣ ያ ወታደር ወራት ሙሉ ትሪ ራሱ ላይ ደፍቶ ሲሮጥ ታየኝ። «አባባ፣ ራሱን አልተፈነከተም?» ብዬ ጠየቅኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባባም ሳቁ፤ ከዚያ ያኛው በረዶ እንደ ተነደፈ ጥጥ ዝም ብሎ እንደሚወርድ አስረዱ። ያስረዱት ግን ሰናይትን እያዩ ነው። ጥያቄው የእኔ፣ መልሱ የእሷ ሆነ። ከሁሉም ቀድሜ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ጽጌ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የተኛች እህቷን ልታስታምም ስትሄድ ሰናይትን ይዛት ሄደች። ሰናይት ረድፉን ባዶ ቤት ትታ መሄድ ፈርታ ለእኔ ሰጠችኝ። «ካንቺ ሌላ ለማን እሰጣለሁ?» አለችኝ። ለሌላ ሰው ብትሰጠው ኖሮ እላለሁ ዛሬም።

እሁድ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደ፣ እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ከረድፉ ጀርባ ያለውን የጥጥ ክር በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታሁት። ከዚያ እናቴ የዘንቢል እጀታ በምትሰፋበት ነጭ የናይለን ክር፣ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ርቀት መልሼ ሰፋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሰፋሁት ነገር የለም። ልጅ ነበርኩ፤ ዝገቱንም እጥፋቱንም አንድ የናይለን ክር አስረስቶ ረድፉን ሐሰተኛ የሚያስብለው መስሎኝ ነበር። ስጨርስ አለቀስኩ፤ ከጸጸት ግን አልነበረም። ሥራው አምሮብኝ፣ የማሳየው ሰው ስላልነበረኝ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ መብራት ጠፋ። ሁላችንም ተሰብስበናል፤ ሰናይት የመለስኩላትን ረድፍ ይዛ በርጩማዋ ላይ ናት፣ እትዬ ጽጌም እህቷ ስለተሻላት ደስ ብሏት መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ከመደቡ ጫፍ ሆኜ «አባባ፣ የሰኒን ክር በእሳት እንየው እስቲ፤ ሰው የማያወራው የለም» አልኩ።

አባባ አዩኝ። ረድፉን አንስተው ገለበጡት፤ አውራ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት። ከዚያ የክሩን ጫፍ ቆርጠው ፍሙ ላይ ያዙ። ተኮማተረ። ጥቁር ጠብታ ሆነ። ልጆቹ ሁሉ አዩት። የእትዬ ጽጌ እጅ ወደ አፏ ሄደ፤ ሰናይት አንዴ እናቷን አንዴ አባባን ታያለች። ይህንን ነበር የፈለግኩት፤ ሲሆን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

«ኒሻኑ እውነተኛ ነው» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ሙሴ ኦቶ የለበሰው ነው፤ ጽጌም እውነቷን ነው። እጥፋቱን ሁላችሁም አይታችኋል። ክሩ ግን የዚህ ሳምንት ነው።»

«ማን ነካው አባባ?» አለች ሰናይት።

«አልጠይቅም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ይህንን የሰፋ ሰው እጁ ጥሩ ነው። ከእኔ ይሻላል። ክሩን አልፈታውም፤ እንዲህ ያለ ስፌት አይፈታም።» ከዚያ የሰናይትን ራስ ዳሰሱና «ምቀኛ አያሳጣሽ፣ ልጄ» ብለው መረቋት። ወደ እኔ ግን አልዞሩም። የግራኝ ስፌት ወደየት እንደሚያዘነብል ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ።

ስመኘው የኖርኩት ቃል ነበር። ተሰጠኝ፤ እጄን ዘርግቼ ግን ልቀበለው አልቻልኩም። ከዚያ ወዲያ በርጩማዋ ባዶዋን ብትውልም አልተቀመጥኩባትም። አባባም ሳይወቅሱኝ አለፉ፤ አንዴ ቢቆጡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ከሆነ ስንት ዘመን አለፈ። ሰናይትና እኔ አልተለያየንም። በቅርቡ አየር ጤና ቤቷ ሻይ ስንጠጣ፣ የዚያን ጦርነት ረድፎች የሚሰበስብ አንድ የውጭ አገር ሰው የእናቷን ረድፍ ሊያይ መጥቶ እንደነበር አጫወተችኝ። ሰውየው ከጀርባው ጀመረ፤ ዝገቱን አየ፣ እጥፋቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ ባትሪ አበራበት፤ አሮጌ ጥጥ በዚያ ብርሃን አይበራም፤ ይሄ ክር ግን በጨለማው ውስጥ ቦግ አለ። ኒሻኖቹ እውነተኛ ይመስላሉ፣ ነገር ግን ረድፉ አንዴ ተፈትቷልና ያልተነካ ነው ብዬ ልመሰክርለት አልችልም ብሎ መለሰላት። የአንዲት እሁድ ቅናቴ ይኸው እስከ ዛሬ በብርሃን ይታያል።

«እኔን የሚቆጨኝ እሱ አይደለም» አለች ሰናይት። «አባባ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስንት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ቀን እጅሽ ጥሩ ነው አላሉኝም። ያንን የሰፋውን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ነው የቀናሁበት። ማን ይሆን ትያለሽ?»

ያቺን ቅዳሜ ረድፉን ለእኔ መስጠቷን ረስታው ይሁን ወይስ እያወቀች፣ አላወቅኩም። የሻይ ብርጭቆዬን ከግራ እጄ ወደ ቀኝ አዛወርኩት።