የጭስ ማውጫ ምርጫዬ

የፎገራ ሜዳ ለእሽቅድምድም መኪና የተፈጠረ ነው፤ በጋ አቧራ፣ ክረምት በሬ የሚሰጥምበት ጭቃ። እኔም ወረታ ተቀምጬ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ገዛሁ። ይህ አልበቃኝ ብሎ ጭስ ማውጫዋን ላስለውጥ ጎንደር ወጣሁ።

መካኒኩ ሁለት ዓይነት አቀረበልኝ። «ይኼኛው ድምፅ የለውም። ያኛው የሞተሩን አራት ቱቦ አንድ ላይ ሰብስቦ ያጓራል። ለእርስዎ ዝምተኛው ይሻላል» አለኝ።

ማን ሊሰማው! የሚያጓራውን አስገጠምኩ።

በዚያው ሰሞን ሽማግሌዎቼ ልጅ ሊጠይቁልኝ ቁሐር ሚካኤል ወደሚባለው መንደር ሄዱ። የሠለጠነ ሰው መልስ እቤቱ ተቀምጦ አይጠብቅምና በመኪናዬ ተከተልኳቸው። መንደሩ ጫፍ ላይ ጭቃ ዋጠኝ። ነዳጅ በሰጠኋት ቁጥር ጭስ ማውጫው «እምቡውው» እያለ አገሩን ያናውጣል፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ የለም።

ጥቂት ቆይቶ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ በአጠገቤ አለፉ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። በመንደሩ ታመው የተኙት ደግሞ የልጅቱ አባት ብቻ ነበሩ።

ጭቃ ለብሼ ስደርስ ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል፤ «ሟቹ» ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ቆመዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፉ።

አባትዬው ለቀስተኛውን በዓይናቸው አዳረሱና፣ «የእኛ ጥሩምባ ሲነፋ ግማሹ ሰው አልሰማሁም ይላል» አሉ። «ልጄን ውሰድ። ጥሎሹ ግን ያ የሚያጓራው ነው፤ ነቅለህ ለጥሩምባ ነፊያችን ታስረክባለህ።»