በሱሉልታ ሜዳ ያስነሣናት አውሮፕላን

ዛሬ እዚህ ቡራዩ ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ዳሩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰበታ ካለው መሥሪያ ቤቴ ስመላለስ ከርሜ ቅዳሜን ጋደም ብዬ ላሳልፈው ነበር ያሰብኩት። ጎረቤት ነውና አይቀርም፤ ነጠላዬን ደርቤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ያበጠ እግሬን ከወንበሩ ሥር ዘርግቼ፣ መጉረሱ ራሱ ሥራ ሆኖብኝ ሳለሁ፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ወጣት ከቦርሳው ድሮን አወጣ። ክንዶቿን ዘረጋጋና ድንኳኑ ደጃፍ መሬት ላይ አስቀመጣት፤ ከዚያ ስልኩን ነካ ነካ ሲያደርግ እንደ ንብ እየጮኸች ከድንኳኑ በላይ ወጣች። ደቂቃም አልፈጀበት። ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ አንጋጦ እጁን ሲያውለበልብ እኔ የማየው ወጣቱን ነበር። ምንም ነገር አልመረመረም፤ ትወድቅ ይሆን ብሎም የተጨነቀ አይመስልም።

ቀደም ብዬ ተነሥቼ ቤቴ ገባሁ። እኔና አባቴ አንዲት የእንጨት አውሮፕላን ከመሬት ለማንሣት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው የፈጀብን።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ስላልሆነ ቤት ተቀምጫለሁ። ቡራዩም እንደዛሬው ቤት በቤት አልሆነችም፤ ከተከራየንበት ግቢ ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አባቴ ደምሴ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል የውኃ ፓምፕ ይጠግናል። ከዚያ በፊት ግን የአውሮፕላን መካኒክ ነበር። ቆላ ባሉ የጥጥ እርሻዎች ላይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን መርምሮ፣ «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እሱ የፈረመላት አውሮፕላን ወጥታ አልተመለሰችም። አብራሪው ካፒቴን ኃይሉ የልብ ጓደኛው ነበር። መርማሪዎች መጥተው ወረቀቱን አገላበጡ፣ ስብርባሪውን ለቀሙ፤ በመጨረሻ ምክንያቱ አልታወቀም ብለው ዘጉት። አባቴን የከሰሰው ማንም አልነበረም። እሱ ግን በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ፤ ስለዚያ ቀንም ቤታችን ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ሲነሣም የደከመው ሰው ሆነ። እናቴ «እንቅልፍ አይበጀውም የሱ ድካም» ትል ነበር።

በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የካፒቴኑ ባለቤት እትዬ ጽጌ ከሰበታ ድረስ አንድ ረጅም ካርቶን አሸክመው መጡ። አባቴ ከተቀመጠበት ብድግ አለና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ቤት ልቀይር ነው» አሉ፣ ሻዩን ሳይጨርሱ። «ዕቃ ሳራግፍ አገኘሁት። ኃይሉ ለሥልጠና ውጭ የሄደ ጊዜ ያመጣው ነው። ‘ከደምሴ ጋር እንገጥመዋለን’ ይል ነበር። ልጥለው ብል እጄ እንቢ አለኝ። አንተ ግጠመው።»

ሌላ ምንም አላሉም። ካርቶኑ ሦስት ቀን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በአራተኛው ቀን አባቴ ፓምፕ የሚፈታበትን መነጽር አድርጎ ከፈተው፤ «ወይኒ፣ እስኪ ነይ አንብቢልኝ» አለኝ።

ውስጡ በሬዲዮ የምትታዘዝ የአውሮፕላን ሞዴል ነበረች፤ አውሮፕላን ግን ገና አልሆነችም። እንደ ወረቀት የቀለሉ ስስ እንጨቶች፣ እንደ አልጋ ልብስ የሚዘረጋ ንድፍ፣ ጡጫ የማታክል ሞተር፣ አንቴና ያለው የእጅ ሬዲዮ፣ ወፍራም የእንግሊዝኛ መመሪያ ነበሩ። የእናቴን ገበታ ወስደን ንድፉን ዘረጋንበት፤ ሙጫው እንዳይዘው ላስቲክ አለበስነው። እኔ አነብባለሁ፤ እሱ የክንፉን አጥንቶች አንድ በአንድ በእስፒል እየወጋ ያቆማል፣ ያጣብቃል። ከዚያ እስኪደርቅ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የተቆላ ስንዴ እንቆረጥማለን። ብዙ አናወራም። ነገር ግን ከሱ ጋር ያን ያህል ሰዓት አብሬ ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

ክንፉን የምታለብሰው ቀይ ስስ ላስቲክ በሙቀት ነው የምትለጠጠው። መብራት ሲሄድ በከሰል ካውያ አደረግነው፤ እኔ ካውያውን በምራቄ እየፈተንኩ፣ እሱ እየጎተተ። ሁለት ቦታ አቃጥዬ ቀደድኩት። አልተቆጣም፤ የተቃጠለውን ቆርጦ ከጣለ በኋላ ቁራጭ ለጠፈበትና በጥፍሩ ዳር ዳሩን ዳሰሰው። ክንፉን ከአካሏ ጋር የሚያስሩት የጎማ ላስቲኮች ሰባት ዓመት ካርቶን ውስጥ ደርቀው ሲነኩ ይበጠሱ ነበር፤ ጎሚስታው ጋ ሄዶ ከተጣለ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቀጫጭን አድርጎ ቆረጠ። ነዳጇ እንኳ ተራ ቤንዚን አይደለም። መርካቶ ኬሚካል የሚሸጥ ወዳጁ አንድ ዓይነት አልኮል ሰጠው፤ በጉሎ ዘይት ለወሰው። ግቢያችን ሞተሩ የተሞከረ ቀን የጉሎ ሽታ ከልብሴ ሳምንት አልወጣም።

በጣቱ ጫፍ ሁለቱን ክንፎች ከሥር ደግፎ ሚዛኗን የሚያይበት አኳኋን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ጭራዋ ከከበደ አፍንጫዋ ሥር የእርሳስ ብረት ቁራጭ ይጨምራል፤ እንደገና ያነሣታል፤ ትንፋሹን ይይዛል። በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ የሚመረመረውን ሁሉ በተራ ጽፎ፣ እያንዳንዱን ሲያረጋግጥ ምልክት ያደርጋል። የመጨረሻው መስመር «ለበረራ ብቁ ነው» ይላል፤ ከጎኑ የፊርማ ቦታ አለ። ያ ቦታ ብቻ ባዶውን ነበር።

መስከረም ጠብቶ ጥቅምት አጋመስን። አባቴ ፓምፑን የጠገነለት ኦቦ ለሚ የሚባል ሰው ሱሉልታ ሰፊ የሣር ሜዳ አለው። ሣሩ ታጭዶ ሲያበቃ ሜዳው እንደ ምንጣፍ ለጥ ስለሚል እዚያ እንድናበር ተስማማ። እሑድ ጎህ ሲቀድ ከቡራዩ በውይይት ታክሲ፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ እንጦጦን ተሻግረን እንሄዳለን። ክንፏ ረጅም ስለሆነ በአንሶላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አጋድማታለሁ፤ አንዱ ረዳት አይቶ «እህት፣ በሽተኛ ነው እንዴ?» አለኝ። ማንም አልሳቀም።

የመጀመሪያው እሑድ ነፋስ አለ ተብሎ ተመለስን። ነፋስ ነበረ፤ እውነት ነው። በሁለተኛው እሑድ ግን ጭስ እንኳ ቀጥ ብሎ ነበር የሚወጣው። ኦቦ ለሚ በርኖሱን ደርቦ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደምሴ! ዛሬስ ዕለቱ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ተቀበለን። አባቴ ሬዲዮውን ይዞ እኔን ከአውሮፕላኗ ጋር አርቆ አቆመኝ፤ ቀኝ ሲያዝ ወደ ቀኝ፣ ግራ ሲያዝ ወደ ግራ መታጠፏን እጄን እያነሣሁ ነገርኩት። ሁሉም ልክ ነበር። ሞተሩን አስነሣው፤ ጆሮውን አዘነበለ፤ አጠፋው። «ድምፁ አልጣመኝም» ብሎ ሣሩ ላይ አንሶላ አንጥፎ ፈታው። እስከ እኩለ ቀን ፈትቶ ገጠመ። ከዚያ ነፋስ መጣ። እናቴ የቋጠረችልንን ጭኮ እኔና ኦቦ ለሚ በላነው፤ አባቴ አልቀመሰም። በመመለሻው መንገድ አንድ ቃል አልተናገርኩትም። ክንፏ ጭኔ ላይ እሳት ሆነችብኝ። ሕይወቴም እንዲሁ ተዘጋጅቶ የማይነሣ መሰለኝ።

በማግስቱ ለሱ ሳልነግረው ሰበታ ሄድኩ። እትዬ ጽጌን አዲሱ ቤታቸው አገኘኋቸው።

«ካልመጡ አትበርም» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ልጄ?»

«ምንም ማወቅ የለብዎትም። ብቻ ይምጡ።»

በሦስተኛው እሑድ፣ ኅዳር ገብቶ ሜዳው ጠዋት ጠዋት በውርጭ ሲነጣ፣ እትዬ ጽጌ በጥቁር ሹራብ ተጠቅልለው ኦቦ ለሚ ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። አባቴ ሲያያቸው እኔን ተመለከተኝ፤ ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ላስቲኩን አሰረ፤ የባትሪ ድንጋዮቹን በአዲስ ቀየረ፤ ሚዛኗን አየ። ደብተሩ ላይ እያንዳንዱን መስመር ምልክት አደረገ። የመጨረሻው ጋ ሲደርስ ስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«ዛሬ አይሆንም።»

«ምን ጎደላት?» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ምንም።»

«ታዲያ?»

አባቴ ሣሩን ነበር የሚያየው። «ያኔም ምንም አልጎደላትም ነበር» አለ።

ኦቦ ለሚ ከብቶቹን ሊያይ እንደሚሄድ ሰው ፈቀቅ አለ። እትዬ ጽጌ ግን አልተነቃነቁም።

«ደምሴ፣ ለቅሶ ደርሰህ አንድ ቀን ተቀምጠህ ሄድክ። አርባው ላይ አልመጣህም። ሙት ዓመቱ ላይ አልመጣህም። ሰው ምን ያለ ይመስልሃል? ‘ባያጠፋ ኖሮ ይመጣ ነበር’ አለ። እኔም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም አልኩ።»

አባቴ ላስቲኩን እንደገና ጠበቅ አደረገ። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ወጣት ነበርኩ፣ በርዶኝም ነበር። «አባዬ፣ እኔ ደክሞኛል» አልኩት። «ወይ ትብረር፣ ወይ ሰባብረን እንጣላትና ቤታችን እንግባ።»

ስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ ደብተሩን አንሥቶ ፈረመ።

ማራገቢያዋን በጣቱ መታ መታ ሲያደርገው ሞተሯ በሦስተኛው ምት ተነሣች። የታጨደው ሣር ጉቶ ለጎማዎቿ ስለማያመች ከእጅ መወርወር ነበረባት። ከራሴ በላይ ይዣት ሮጥኩ፤ «አሁን!» ሲል ለቀቅኳት። መጀመሪያ ዝቅ አለች፤ ከዚያ ራሷን ቀና አድርጋ ወጣች። ቀይ ክንፏ ፀሐይ መታው። ኦቦ ለሚ «ያ ዋቃዮ!» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ላሞቹ ወደ አጥሩ ሸሹ። አባቴ በሜዳው ጫፍ ሰፊ ዙር አዞራት፤ አፉ ትንሽ ተከፍቶ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያን ጊዜ ያየሁትን ስም ልሰጠው አልቻልኩም፤ ደስታ ብለው ያንሳል።

ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር ፊቷን ወደኛ አዞረች። ድንገት በአንድ ጎኗ ተጋደመች፤ አባቴ ሊያቀናት ሲል ይብስ ተጋደመች፤ በክንፏ ጫፍ መሬቱን መታችና ተገለበጠች። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ያህል።

አባቴ አልሮጠም። ሬዲዮውን ለኔ ሰጥቶኝ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ እያንዳንዱን ስባሪ እያነሣ አገላብጦ አየ። ክንፏ ለሁለት ተከፍሏል። እኛም ደርሰን ዙሪያውን ቆምን።

«ምኗ ነው የተበላሸው?» አለ ኦቦ ለሚ።

«ምኗም። ወደኔ ስትመጣ ግራና ቀኙ ተምታታብኝ። ስሕተቱ የእጄ ነው።»

«የኃይሉስ?» አሉ እትዬ ጽጌ።

አባቴ የተሰበረውን ክንፍ ሣሩ ላይ አኖረ። «አላውቅም፣ ጽጌ። ሰባት ዓመት በሐሳቤ ስፈታውና ስገጥመው ኖርኩ። ያየሁትን ሁሉ አይቼ ነው የፈረምኩት። ያላየሁት ነገር ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።»

«ታዲያ ይህንኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ምን ብዬ? አላውቅም ለማለት ቤትሽ ልምጣ?»

«አዎ» አሉ። «አላውቅም ለማለት ና።»

ውርጩ ቀልጦ ጉልበቱ ርሶ ነበር። እትዬ ጽጌ ሹራባቸውን ሰብስበው አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ቋጠሮውን ፈታሁ፤ ጭኮውን ቆርሰው ሰጡት፤ በላ። ስለ ኃይሉ ማውራት የጀመሩት እዚያው ነው፤ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ሲያጨስ እንዴት ይደበቅ እንደነበር። እኔና ኦቦ ለሚ ስብርባሪውን በአንሶላው ሰበሰብን።

ከዚያ በኋላ አባቴ ሌላ ሰው ሆነ ብል እዋሻለሁ። ፓምፑን መጠገኑን ቀጠለ፤ ጠዋት ሲነሣም እንደደከመው ነበር። ብቻ በዚያው ዓመት ለኃይሉ መታሰቢያ ሰበታ ሄዶ ድንኳን ሲተክልና ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። አውሮፕላኗን መልሶ አልገጠማትም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከብዙ ዓመት በኋላ እሱን ስንቀብር እትዬ ጽጌ በምርኩዝ መጥተው ሦስቱን ቀን ከአጠገቤ ሳይነሡ ተቀመጡ።

እኔ ዛሬ በዕድሜ እሱ ያኔ ከነበረበት በአራት ዓመት በልጫለሁ። ያን ጊዜ ፈሪ ይመስለኝ ነበር፤ በታክሲው ውስጥ ያኮረፍኩትን ኩርፊያ ሳስታውስ ያሳፍረኛል። ይቅርታ ለማለት ሃያ ዓመት ጊዜ ነበረኝ፤ ነገ ዛሬ ስል አለፈ። ሸክም አንሥቶ የደከመ ሰው ሲተኛ ይቀልለዋል። የሱ ድካም ሌላ ነበር፤ አሁን አሁን ከራሴ ላይ ነው የማውቀው።

ትናንት ከሥራ ስገባ ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሰሞኑን ልክ አይደለሽም» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው አይደለም፤ ለአባቴ ሳልለው የቀረሁትን ይቅርታ አልነገርኳትም። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ነገ እሑድ ነው። ሁለታችንም ቤት ነን። ከየት እንደምጀምርላት አላውቅም፤ ያንኑ «አላውቅም» እነግራታለሁ።