ሦስተኛዋ ዶሪና

የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት ሰው «እትዬ መዝገብ» ይላታል። ሥራዋ የአውሎ ነፋስ ፋይል መስፋት ነው፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው አውሎ ነፋሶች በአንድ ክር አብረው ይሰፋሉ። ስሞቹ በየስድስት ዓመቱ ዞረው ይመጣሉ። ከዝርዝሩ የሚሰረዘው ብዙ ሰው የፈጀው ስም ብቻ ነው።

ዶሪና ከተባሉት አውሎ ነፋሶች የመጀመሪያዋ ማንንም ሳትነካ ባሕር ላይ ከሰመች። ሁለተኛዋ አንዲት ጀልባ ገለበጠች። ጀልባዋ ላይ የነበረው ዓሣ አጥማጅ፣ «ዛሬም ነፋስ ስትሰፊ ዋልሽ?» እያለ የሚያሾፍባት ባሏ ነበር።

ያን ጊዜ የስም ማሰረዣውን ቅጽ ራሷ ሞላች፤ «የሟች ብዛት» ከሚለው ፊት ለፊት «አንድ» ብላ ጻፈች። አለቃዋ ቅጹን አይቶ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ አንድ ሰው ስለ ሞተ ብቻ ስም አይሰረዝም። ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

«እኔ ቤትስ ስንት ሰው ነበረና?» አለችው።

ዘንድሮ የዶሪና ተራ ደረሰ፤ ሦስተኛዋ ባሕር ላይ ተነሣች። እትዬ መዝገብ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ትሂድልን ሲል፣ እሷ በሆዷ «ነይ፤ ብዙ ሰው ፍጂና ስምሽ ይሰረዝ» ስትል ሰንብታ በራሷ ደነገጠች።

በአራተኛው ቀን የትንበያ ሠራተኛው እየሳቀ ወረቀቱን አመጣላት።

«እንኳን ደስ አለዎት እትዬ፣ ባሕር ላይ ከሰመች። አንድም ሰው አልነካችም።»

«ተመስገን» አለች፣ በአፏ ብቻ። መርፌዋን አንሥታ ሦስተኛዋን ከሁለተኛዋ ላይ ሰፋች። የባሏ ሞት የተጻፈበት ገጽ መሃል ቀረ።

ክሩን አልቆረጠችውም። ከስድስት ዓመት በኋላ ትፈልገዋለች።