ዐሥራ ስድስተኛው ዙር

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በዘበኝነት የቀጠረኝ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የልብ ምት መለኪያ ሰዓቱን ተወልኝ። ሠራዊቱ ተበትኖ ከመሰደዴ በፊት በጦሩ የስፖርት ክለብ ዐሥር ሺህ ሜትር እሮጥ እንደነበር ያውቃል። ጠዋት ጠዋት አብሬው እንድሮጥም ይፈቅድልኝ ነበር። ምቱን የሚይዘውን የጎማ ቀበቶ ደረቴ ላይ እንዴት እንደማስር አሳየኝና በተሰባበረ ዐረብኛ፣ "ከመቶ ሰባ ሲያልፍ ይጮኻል። ያኔ ቀስ በል፤ ልብህን አትግደላት" አለኝ።

ቃሉን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዝኩት። በካርቱም ዳርቻ ካላክላ ሰፈር ከባለቤቴ ጋር በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ገና ከአልጋ ሳልወርድ ቀበቶውን በውሃ አርሼ እታጠቅና ቁጥሩን አያለሁ።

"ዛሬ አርባ ስድስት ነው" እላታለሁ።

"የኔን ደግሞ የሰው ወለል ስወለውል ና ለካልኝ" ትለኛለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ያን ጊዜ ገና እየሳቀች ነበር የምትናገረው።

በዚያ ዓመት ለአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሯጮች የሚመርጥ ሰው ሊመጣ ነው ተባለ። የተመረጠ ወረቀት ይሠራለታል፤ ሚስቱንም ይወስዳል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ዐውቅ ነበር። ሦስት ወር በአቧራውና በሐሩሩ ሮጥኩ። ሰዓቱ በጮኸ ቁጥር ቀስ አልኩ። አንድም ቀን ጩኸቱን ችላ ብዬ አላውቅም። ባለቤቴ ወሩ ሲያልቅ ሥራ እንደምትለቅ ለአሠሪዋ ነገረቻት።

"ቆይ እንጂ፣ ልመረጥ መጀመሪያ" ብላት፣

"ኢንሻላህ ትመረጣለህ። አንተ ካላመንክ እኔ ልመን" አለችኝ።

ማጣሪያው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሃያ አምስት ዙር ነው። እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሦስተኛ ነበርኩ። ከዚያ ሰዓቱ መጮኽ ጀመረ። መቶ ሰባ ሦስት። መቶ ሰባ ስምንት። ቀስ አልኩ፤ ቁጥሩ ግን አልወረደም። መቶ ሰማንያ አራት ሲል ፍርሃት ያዘኝ። እግሬ አልደከመም ነበር፤ ይህን ምዬ እናገራለሁ። በዐሥራ ስድስተኛው ዙር ከመስመሩ ወጥቼ ሣሩ ላይ ቆምኩ።

መራጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "ታዕባን?" አለኝ፤ ደከመህ ወይ ማለቱ ነው።

አራት ሰው ተመረጠ። አራተኛው እኔ እስክወጣ ድረስ ከኋላዬ የነበረ ሰው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ፊቴን አይታ ገባት።

"አመመህ?"

"የለም።"

"ወደቅህ?"

"የለም። ሰዓቱ ጮኸ።"

"ማነው የሚሮጠው፣ አንተ ወይስ ሰዓቱ?" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አሠሪዋ ዘንድ ሄደች፤ በቦታዋ ሌላ ሴት ገብታለች። እኔም ሰዓቱን ካልጋው ሥር ወረወርኩትና ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ሸክም ያዝኩ። ዳግመኛ አልሮጥኩም።

ከዓመታት በኋላ ወባ ይዞኝ ያከመኝ ሐኪም ይህን ሳጫውተው፣ ሙቀትና ድንጋጤ ብቻቸውን የጤነኛ ልብ ምት እንደዚያ ሊያፈጥኑ እንደሚችሉ ነገረኝ። "ምናልባት ምንም አትሆንም ነበር" አለኝ። ያጽናናኝ መስሎት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻዬን በሆንኩ ቁጥር የቀሩትን ዘጠኝ ዙሮች እሮጣቸዋለሁ፤ አንዳንዴ እወድቃለሁ፣ አንዳንዴ አራተኛ እወጣለሁ፤ የትኛው እውነት ይሆን እንደነበር ግን አላውቅም።

ባለቤቴ በኋላ ሥራ ያገኘችው ሰው ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆና ነው፤ ከካላክላ ሩቅ። ዐርብ ዐርብ ብቻ ትመጣለች። ልብሴን ታጥብልኛለች፣ አብረን እንበላለን፣ ስለ ሩጫ አናነሳም። ወደ ማታ ሚኒባስ ድረስ እሸኛታለሁ፤ ስትሳፈር "በል ደህና ሁን" ትለኛለች፣ ዘወር ብላ ግን አታየኝም።