ትንሿ ዓሣ፣ ግዙፉ አርጃኖና ጋሽ መስታወት

ሥራው በእንስሳት ሙዚየም ውስጥ መስታወት መጥረግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ከመጥረጉ የተነሣ የገዛ ስሙ ተረስቶ «ጋሽ መስታወት» ሆኖ ቀረ።

ልቡ ለሁለት ፍጡራን ተከፍላ ነበር፤ አንዱን ለመጥላት፣ አንዷን ለመውደድ። የሚጠላው በጭድ የተጠቀጠቀውን የእንሽላሊት ዘመድ፣ ግዙፉን አርጃኖ ነው፤ ከአልጋ የሚረዝመውን፣ ምላሱ ለሁለት የተሰነጠቀውን፣ ጎብኚ ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚያየውን። የሚወደው ደግሞ በብልቃጥ ውስጥ ክንፏን ዘርግታ የቀረችውን፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትሰፋውን ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። አርጃኖው በአጥንቱ ይኮራል፤ እሷ ደንዳና አጥንት የሚባል አልፈጠረባትም። አርጃኖው ጥርሱን ለዓለም ያሳያል፤ እሷ አፏን ከሆዷ ሥር ደብቃለች። «ጨዋ ማለት ይህች ናት» ይልና መስታወቷን እየጠረገ ያንጎራጉርላታል፦

ባሕር ትንሽ ሆኖ ከብልቃጥ ሲገባ፣
እኔ ነኝ ደረቁ፣ አንቺማ አበባ።

አንድ ሰኞ የሙዚየሙ ኃላፊ አዳራሹ ስለጠበበ ከሁለቱ አንዱ ወደ ምድር ቤት መጋዘን እንደሚወርድ፣ ሐሙስ ማታ አይታ እንደምትወስን ተናገረች። ጋሽ መስታወት ዶለተ። የዓሣዋን መስታወት ሰው ዞር ባለ ቁጥር ሲወለውል ሰነበተ፤ የአርጃኖውን ግን ይፈር ብሎ ጨርቅ አላስነካውም።

ሐሙስ ኃላፊዋ መጣች። የአርጃኖው መስታወት በጣት አሻራና በአፍንጫ ምልክት ተዥጎርጉሯል። የዓሣዋ ግን ከመጥራቱ የተነሣ ያለም አይመስል።

«ፍርዱ ቀላል ነው» አለች። «ይህችን ቀርቦ ያያት የለም።»

ጋሽ መስታወት ክው አለ። ቢናገር ሥራ መበደሉን በገዛ አፉ ማመኑ ነው፤ ዝም ቢል ዓሣዋን መቅበሩ። ጉሮሮውን ጠራረገና ተናገረ።

«አሻራውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአርጃኖውን ሆን ብዬ ተውኩት።»

«ሦስት ቀን ሙሉ አልጠረጉትም?»

«አልጠረግሁትም።»

ኃላፊዋም የታየ እንጂ የተነገረ አልመዝንም ብላ ዓሣዋን ተመልካች በማጣቷ፣ እሱን በስንፍናው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ምድር ቤት አወረደቻቸው።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገብቶ ኖሮ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። እርጥበቱን፣ አቧራውን፣ መስኮት ማጣቱን እየቆጠረች ዕድሏን ረገመች። እሱ የጫማውን ክር እየፈታ ያንጎራጉራል።

«ከፀሐይ ተሽረህ ደግሞ ምን ያዘፍንሃል፣ አንተ ሰውዬ?»

«ምድር ቤት አርጃኖ የለም» አላት።