ሁለት ቢጫ አለላ

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄን ከመዋዕለ ሕፃናት ልወስዳት ስሄድ፣ መምህሯ ሕፃናቱን በባለቀለም ቁርጥራጮች እያጫወተች ታስቆጥራለች። አረንጓዴ አለ፣ ቀይ አለ። «ቢጫውስ?» አልኳት።

«ጠፍቶ ነው እማማ። ግድ የለም፣ ያለ እሱም ይማራሉ» ብላ ሳቀች።

ደሜ ፈላ። መምህሯ ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ፣ አታውቅም።

ጣልያን ደብረ ታቦር በነበረበት ዘመን፣ ለመዳሪያዬ መሶብ የምሰፋ ልጃገረድ ነበርኩ። የሰፈሩ እናቶች ጣልያን በሚያሠራው የገሳይ መንገድ ድንጋይ ሊሸከሙ ሲነዱ ሕፃናቱን ለእኔ ጥለው ይሄዳሉ። ወጥተው መኪና እንዳይጨፈልቃቸው ጨዋታ ፈጠርኩላቸው። ለስፌት ቀለም የነከርኩትን ሣር፣ አለላውን፣ ከጀርባዬ ደብቄ እመዝና አሳያቸዋለሁ። ለአረንጓዴ አንድ፣ ለቢጫ ሁለት፣ ለቀይ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ያልተሳሳተ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ ያገኛል። ከጉና የሚወርደው ብርድ ጣታቸውን እያደነዘዘው እንኳ ጭብጨባቸው ከአጥር ውጭ ይሰማ ነበር።

ከአጥር ውጭ የሰማው የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ነው፤ ያገራችን ሰው። ገብቶ ሦስቱን ቀለም በተርታ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«አንቺ! ባንዲራ ነው የምታስተምሪ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ የመሶብ አለላ ነው። ቁጥር እየተጫወትን ነው።»

«ቢጫውን አውጪ፣ ነጭ አግቢ። ነገ የጣልያኑን ሹም ይዤ እመጣለሁ፣ ያጨብጭቡለታል።» ይህን ብሎ ቢጫውን በሙሉ አፈሰና ለማቅለሚያ ባነደድኩት እሳት ውስጥ ጣለው።

ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። መድፍና አውሮፕላን ያለው መንግሥት ሕፃን የምትጫወትበትን ሣር ይፈራል? የእነሱ ባንዲራ ነጭ ስላለበት የኛን ቢጫ ከልጅ እጅ መንጠቅ! ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው!

እናቴ ከድንጋይ ሸክሟ ስትመለስ ነገርኳት። «ልጄ፣ ያሉሽን አድርጊ። ግቢውን ከዘጉብን እነዚህ ልጆች መንገድ ላይ ያልቃሉ» ብላ ለመነችኝ። እያረርኩ እሺ አልኩ።

በማግስቱ ሹሙ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ነጭ ሁለት ነው» ብዬ ልጆቹን አስጠንቅቄያለሁ። አረንጓዴ መዘዝኩ፤ አንድ ጊዜ አጨበጨቡ። ነጭ መዘዝኩ። ዝም። ቀይ መዘዝኩ፤ ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ። ሹሙ ግራ ተጋብቶ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው ወደ ጎረቤታችን ልጅ ወደ ትርንጎ ዞረ፤ ከሁሉም ትንሿ እሷ ነበረች።

«ሁለት የት አለች?» አላት።

ትርንጎ በጣቷ አመዱን አሳየችው። «ሁለትማ አንተ አቃጠልካት።»

ያችን ቃል ለሹሙ አልተረጎማትም። አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ ሹሙም ተሰላችቶ ተነስቶ ሄደ። ግቢው አልተዘጋም፤ ቢጫ ግን ክልክል ሆኖ ቀረ። ጣልያን እስኪወጣ ድረስ ልጆቹ ሁለት ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ያልፉ ነበር።

ትናንት ቢጫ አለላ ነክሬ ለመምህሯ ወሰድኩላት። ተቀብላ እየሳቀች «ስንት ነው እማማ?» አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት። «ከእንግዲህ ጠፋ እንዳትዪኝ።»